ቁጥር የሌለው በር

ግሪምስቢ፣ ወደቡ ዳር፣ ዓሣ ዓሣ ከሚለው ጋራዥ፣ ሌሊቱን
ዴዝመንድ ያጥፋል፣ በስቴፕለር ይሰፋል ስልሳ ቅጂ መጽሔቱን።
የዘንዶው ጭራ ደብዝዟል፤ ቀለም አልቆበታል፤
የዋሻው ካርታ ግን መሃል ገጽ ላይ ተዘርግቷል።
አንዱ በር ቁጥር የለውም፤
ረስቶት ነው እንጂ ምስጢር አልነበረውም።

ከአበርዲን ደብዳቤ መጣ፣ ሳንቲም የተለጠፈበት በፕላስተር፤
«አራት ሆነን፣ ባለሃያ ገጹን ዳይስ ጥለን፣ ደርሰናል ከዚያ በር።
ሌባችን ጆሮዋን ለጥፋለች፤ አንድ ነገር ይተነፍሳል፤ ምን እንደሆነ ንገር!»

ሊያቆመው ነበር እኮ በዚህ እትም፤ የወረቀት ዋጋ ንሮ፣
«ስልሳ አንባቢ ኪራይ አይከፍልም» ብሎ፣ ቆጥሮ፣ ደግሞ ቆጥሮ።
አሁን አራት ሰው ችቦ ይዞ ቆሟል፤ መልሱን ከየት ያምጣ?
«በሚቀጥለው እትም» ብሎ ጻፈ፤ ሲነጋጋ ወጣ፣
ወረቀት በዱቤ ሊጠይቅ፤
ከበሩ ወዲያ ያለውን እሱም ገና ሳያውቅ።