አራት ቁራጭ አግዳሚ

ደምበጫ፣ በየኔሰው ሱቅ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ፣
አንድ አግዳሚ ነበር፣ ሃያ ሰው የሚያግባባ።
ባለወፍጮው ስንሻው ነው የሰጠን፣ ግንዱን አስጠርቦ፣
ከተምጫ ማዶ፣ በበሬው አስስቦ።

እሑድ ማታ፣ ሁለት ሰዓት፣
ቀኑን ፀሐይ ሲሞቅ የዋለው የባትሪ ድንጋይ ሲገባ ከአፎት፣
ትንፋሻችን ይቆማል፤
ሃያ ደቂቃ ጓንጉል ይዋሻል፣ ጓንጉል ይሰርቃል፣ ጓንጉል ያፈቅራል።
ድራማው ሲያበቃ የእኛው ይጀምራል።

ስንሻው ከጓንጉል ይነሣል፤
የታመመ በሬውን መሐል ላይ ያነሣል፤
የጤፉን ዋጋ ነክቶ፣ የሟች እናቱን ሕልም ፈትቶ፣
በአማቹ በኩል ዞሮ፣ በደጀን በኩል ወጥቶ፣
ጠፋ ስንል፣ አለቀለት ስንል፣
ከች ይላል ከጓንጉል!
ለካ በሬውም ጓንጉል ነበር።
ለካ ጤፉም ድራማ ነበር።

መምህር ይበልጣል ከማርቆስ ሥልጠና መጣ።
ክፋት የለበትም፣ እውነት እላለሁ፣ ለእኛው ነው የሚያስብ፤
«ወሬያችን» አለ «ተደባልቋል፤ ነገር በየፈርጁ ይሰብሰብ።»
ድምፅ ተሰጠ። እጄን አወጣሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።
አናጢው እንየው፣ መጋዙን ይዞ፣ ቆመ ከበር።

አግዳሚው አራት ሆነ።
ሰጋቱራው የኔሰው በሚሰፋው ሱሪ ላይ በነነ።

በጠመኔ ተጻፈ፦
«የታሪኩ ነገር»፣ ከሬዲዮው ሥር፤
«የተዋንያን ነገር»፣ በመስኮቱ በኩል፤
«ግምት»፣ ከጥግ፣ መብራት ከማይደርስበት፣ ከጨርቁ ቁልል፤
«ልዩ ልዩ»፣ ከደጃፉ፣ ነፋስ ከሚገባበት።

በመጀመሪያው እሑድ ስንሻው ከሬዲዮው ሥር ተቀምጦ
ጓንጉልን ጀመረና፣ ወደ በሬው አምልጦ፣
«አባባ፣ ይቺ ቦታዋ አይደለም» ተባለ።
በትሕትና ነው የተባለ።
ወደ ደጃፉ ሄደ። የበሬውን ጨረሰ፤
ጓንጉል ግን የዚያኛው ሠፈር ነው፤ አልተመለሰ።
በሦስተኛው እሑድ ስንሻው ራሱ አልመጣም።
«የት ሄደ?» የሚባለው በየትኛው አግዳሚ እንደሆነ ማንም አላጣራም።

እያደር ሰው ሁሉ ወደ ደጃፉ ፈለሰ፤
ነፋሱን ታግሦ፣ ጋቢውን ደርቦ ለበሰ።
«ልዩ ልዩ» ጢም ብሎ፣ ሰው ደጅ ሲቆም በዝናብ፣
ከሬዲዮው ሥር መምህር ብቻውን ቀረ፣ ደብተሩን ሲያነብ።

ግን ይህንንም ልናገር፣ ካልተናገርኩት ያንቀኛል፦
ትሁኔን፣ ድንች ሻጯን፣ ሁለት ዓመት ከኋላችን ስትቀመጥ፣ ድምፅዋን የሰማ ይገኛል?
በዚያ በጨለማው ጥግ፣ ሦስት ሰው ባለበት «ግምት» ላይ፣
አንድ ማታ እንዲህ አለች፣ እጇን ከነጠላዋ ሳታወጣ፣ ማንንም ሳታይ፦
«ጓንጉል ሊሄድ ነው። ታሪኩ አይደለም፤ የሰውየው ጉሮሮ።
ቃል ሲጨርስ ትንፋሽ ይሰርቃል። አባቴም እንዲሁ ነበር፣
በመጨረሻው ክረምት፣ ሳሉን ከእኛ ሰውሮ።»

በወሩ ጓንጉል በሌላ ሰው ድምፅ መጣ።
ሁላችንም ወደ ጥጉ ዞርን፤ ከእሷ ግን ቃል አልወጣ።

ከፋሲካ በኋላ እንየው ተጠራ፣ በሚስማር ሊገጥመው።
«የኔን ተዉት» አለች ትሁኔ። ቃሏን ማንም አልተቃወመው።
ሦስቱ ተጋጠሙ፤ አንደኛው ከጥጉ ቀረ።
መጋጠሚያው ይነክሳል፤ የስንቱ ሱሪ ተተረተረ፤
የኔሰው ብቻ ነው የከበረ።

ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ነበር፣ ቅዳሜ፣ ጤፍ ጭኜ፤
ከበሩ ቆምኩ፣ በብናኙ ነጭ ሆኜ።
ቀበቶው ይጮኻል፤ ድንጋዩ ይሽከረከራል፤
የስንሻው አፍ ግን ከድንጋዩ በላይ ይሠራል።
ለዱቄቱ ነው የሚያወራው። በሬው ድኗል፤
በአማቹ በኩል ዞሮ፣ ደጀን ደርሷል፤
ጓንጉል ጋ ሊመጣ ሲል፣ ቀና አለና አየኝ፤
«ይቺስ፣ ቦታዋ ናት?» አለኝ።