«ሶሪ» ሲተረጎም

ሥራዬ ማሻገር ነው፣ ከአንድ አፍ ወደ ሌላ ጆሮ፤
አፉላ፣ ሆስፒታሉ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ ወዲያ ዞሮ።
የሚከፈለኝ በሰዓት ነው። በቃል ክብደት ቢሆን ኖሮ
ያን ማክሰኞ ሌሊት
በአንዲቷ ብቻ ጡረታ በወጣሁ ነበር።

ዶክተር ሌነርድ ከደርባን ነው፤ ዕብራይስጡ ለቀን ብቻ ነው የሚበቃው፣
ሌሊት ሲደክመው ግን የእናቱ እንግሊዝኛ ነው የሚወጣው።
ሶሪም ከዚያው ከረጢት ናት።
በአልጋ ጎማ እግሬን ቢነካኝ፣ ሶሪ፤
አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ ለማለትም ሶሪ፤
አንዴ የሻይ ማሽኑ ሳንቲሙን ውጦበት
ማሽኑን በጥፊ መታና፣ ለማሽኑ፣ ሶሪ።
አንድ ካፖርት ናት፣ ለሠርግም ለለቅሶም የምትለበስ፤
ምን እንደያዘች አይታወቅ፣ ኪሷ እስኪዳሰስ።

ዕብራይስጡስ? ስሊኻ አለች፣ በአውቶቡስ በር በክርኗ እየተጋፋች፣
በዮም ኪፑር ዋዜማ ግን ነጭ ለብሳ
ምኵራብ የምትገባ፣ ጾመኛ፣ አንገቷን የደፋች።

እኛ ጋ ልብሱ ለየቅል ነው።
የረገጠ ይቅርታ ይላል፣ የበደለ ማረኝ ይላል፣
ሰው ሲደናቀፍ ደግሞ ከአፍ ቀድሞ «እኔን!» ይወጣል።
«እኔን» የሚለው ድንጋዩን ያላስቀመጠው ነው፤
ጥፋት ሳይኖርበት፣ ዕንቅፋቱን ለራሱ የሚለምነው።
የሞተበትን ግን ማንም ይቅርታ አይለውም፤
ያጽናህ ነው የሚባል፣
ባዩ ገዳይ ካልሆነ በቀር።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ወይዘሮ እንጉዳይ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፣
የባሏን ጫማ ታቅፋ፣ ክሩን እያሰረች እየፈታች።
ሐኪሙ መጣ። መነጽሩን አወለቀ።
«አይ አም ሶሪ» አለ። ሌላ አልጨመረም።
ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ድካም ይሁን፣ ወይ ያ ድሮ በኮርሱ የሰጡን ወረቀት፣
ሶሪ፣ እኩል ምልክት፣ ይቅርታ፣
«ይቅርታ ይልሻል» አልኳት።

ጫማውን መሬት አስቀመጠች፣ ቀስ ብላ፣ ጥንዱን አስተካክላ።
«ምን አድርጎት?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ስንቱን ኩላሊት፣ ስንቱን ሳንባ አሻግሬ
እዚያች ላይ ድልድዩ ተሰበረ።
«ምን አለች?» ይለኛል።
ገደልከው ወይ ትላለች እንዴት ብዬ ልበል?
«ምን ሆነ ትላለች» አልኩት፤ ይህ ሁለተኛ ጥፋቴ ነው።
እሱም ስለ ልብ፣ ስለ ደም ሥር፣ ስለ ሁለት ሰዓቱ ሙከራ
አንድም ሳያስቀር አስረዳ፤ እኔም አንድም ሳላስቀር አሻገርኩ።

ስጨርስ እጁን አየችው፣ ከጓንቱ ዱቄት የነጣውን።
«ልጅ እኮ ነው» አለች።
«ሌሊቱን ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ያጠፋው የለም።
ካለም ይቅር።»

ከዚያ ቃሏን ራሷ የሰማችው መሰለኝ።
«ይቅር» አለች ደግማ፣ ጨው እንደሚቀምስ ሰው።
«ሱዳን ላይ ታላቄ ቀረ። እናቴም ቀረች።
ቀረ ነው ያልነው፣ ሞተ አላልንም፤
እንደ ዘገየ ሰው፣ ኋላ እንደሚደርስ።
ያኔ ይቅርታ የጠየቀን አንድ አልነበረም፤
ይሄ ያላጠፋው ይጠይቀኛል።
እንግዲህ ቢያድግልኝም ቀረ።»

ይህን አልተረጎምኩም። አልጠየቀኝምም።
ራሱን ዝቅ አደረገና ሊሄድ ዞር ሲል
ያ ጥንድ ጫማ እግሩ ላይ ገባ፤
ግድግዳውን ይዞ ተረፈ።
እሱ ለጫማው፣ ሶሪ።
እሷ ከወንበሯ ግማሽ ተነሥታ፣ እጇን ዘርግታ፣ «እኔን!»

«አሁንስ ምን አለች?» አለኝ።

ጫማውን አየሁ። አንዱ ተገልብጧል፣ ክሩ እንደታሰረ።
«ሶሪ አለችህ» አልኩት።
ምን ልበለው?