ላይ ሲሉት ታች

ያ ሐምሌ፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ
በቫናችን መስኮት ገባ፣ እንደ ዘመድ ለምዶ።
መስታወቱ ግማሽ መንገድ ቆሞ ሦስት ወሩ ነው፤
አክስቴ ከድጃ፣ «ወንበሬንማ ዝናብ ወረሰው»
ብላ ፌስታል በፕላስተር ለጥፋ፣
መኪና ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ ነው የምታንቀላፋ።

ሸዋ በር፣ አደም ጋራዥ ወሰድናት።
በካቻቢቴ የበሩን ልብስ ገፈፈ፤
«ሞተሩስ ደህና ነው፤ የከዳው ገመዱ ነው።»
ዕቃው አዲስ አበባ፣ ዋጋው አይነገር፤
ከጓሮ የብስክሌት ፍሬን ገመድ አመጣ፣
ግሪስ ቀባ፣ ቋጠረ፣
መግሪብ ሲደርስበት ሽቦውን እየተቻኮለ አገናኘ።

ላይ ስንጫን ወረደ።
ታች ስንጫን ወጣ።
አደም ሳቀ፦ «ነገ ተመለሱ፣ አቀናዋለሁ።»
አባቴ፦ «ከተዘጋማ ምን ቸገረን!»

አልተመለስንም፤ ሰባት ዓመት።
ሐረጎን ወርደን የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለን
«ላይ በለው፣ ንፋስ ይግባ» ትላለች ከድጃ።
እንግዳ ከተሳፈረ ግን፣ ዝናብ ሲመጣ
«ላይ»ን ተጭኖ በስብሶ ይወርዳል፤
እኛ አንገታችንን ደፍተን እንስቃለን።

ቫኗ ተሸጠች። ገዢው አልጠየቀ፣
አባቴም አልነገረው።
ዛሬ በሰው መኪና ካፊያ ሲጀምር
ጣቴ ታችን ይፈልጋል፤
መስታወቱ ይከፈታል፣
ፊቴ ይረጥባል፣
ሹፌሩ ይገላምጠኛል።