ሲቀነስ አራት

ኅዳር ሊወጣ ነው፤ ናግፑር በሙሉ ብርቱካን ይሸታል፤
ከገበያው መጋዘን ጓዳችን ድረስ ሽታው ይከተላል።
እህቴ ኬትኪ ወለል ላይ ናት፤ የመልስ ወረቀቷ ከጭኗ፣
ቀይ እስክሪብቶ ከጣቷ፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ዐይኗ።
እኔ የወጣውን መልስ ከስልክ ላይ አነባለሁ፤
«ቁጥር አንድ፣ ሐ» እላለሁ።
«ልክ!»
«ቁጥር ሁለት፣ ሀ።»
ዝም።
ዝም ስትል መሳቷን አሁን ለምጃለሁ።

የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ የፈተና ሕግ አጭር ነው፦
ያወቀ ሦስት ያፍሳል፤
የሳተ አንድ ይከፍላል፤
ያለፈው አይጎዳም፣ አይጠቀምም፣
ልክ እንደ ጎረቤታችን እንደ ሻንታራም።

መቶ የሞላ ይጠራል ይላሉ።
ይላሉ ነው እንግዲህ፤ ማን እንዳለ ግን አይናገሩም የሚሉ።

ባባ ለማጠናከሪያው ክፍያ
የሞተር ብስክሌቱን ጎማ ሳይቀይር ሁለት ክረምት ተንሸራተተ፤
አንድ ቀንም «ለአንቺ ነው» ብሎ አልተናገረ፣ አልተመጻደቀ፣ አልፎከተ።
ሥራው መመዘን ነው፤ ቅርጫቱን በእጁ ከፍ አድርጎ
«አሥራ ዘጠኝ ከሩብ» ይላል፤ ሚዛኑ ኋላ ይመጣል፣ ቃሉን ሊያጸድቅ ፈልጎ።
«እንዴት አወቅህ?» ብለው፣
«መጀመሪያ ምኞትህን ከቅርጫቱ አውጣ፤
የቀረው ክብደቱ ነው» አለኝ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ሳይቆጣ።

ቁጥር አርባ አንድ ላይ ወረቀቷን ሰረቅ አድርጌ አየሁ።
እሷ «ለ» ብላለች።
ስልኩ «መ» ይላል።
«ለ» አልኩ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ወደ አርባ ሁለት ሮጥሁ።

ሠላሳ ስምንት ልክ፣ ዐሥራ ሦስት ስሕተት፣
ዐሥራ አምስት ባዶ ቤት።
አባዛች፣ ቀነሰች፣ ደግማ አባዛች፤
«መቶ አንድ» አለች።
አልሳቀችም። አልዘለለችም። ክዳኑን ከእስክሪብቶው ገጠመች፤
«ተኛ በቃ፣ ኒሻድ» አለች።

እንቅልፍ እንዴት ይምጣ!
አንድ ፊደል ነው የዋሸሁት፤ ሦስት የማይገባት ሰጠሁ፣ አንድ ዕዳዋን ሰረዝሁ፤
በጨለማ ሳሰላው አራት ነጥብ ሆኖ አገኘሁ።

ጠዋት ባባ ወጥቷል፤ እሷ ገና ተኝታለች፤
ወረቀቷ ከትራሷ ሥር ግማሹን ብቅ ብሏል።
ከመቶ አንዱ በታች፣ በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

ሲቀነስ አራት።
አርባ አንድ ላይ የኒሻድ ድምፅ ቀጠነ።
ዘጠና ሰባት።