የአርቮ ሕዋስ

ታምፐሬ፣ ወሩ ጥር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤
ሰማዩ አልገለጠም፤ ከድልድዩ በታች የወንዙ ጩኸት።
በሦስተኛው ፎቅ፣ ከሊፍቱ ጎን፣ ወረቀት ተለጥፏል፤
“ሁለት ተመራማሪ እንሻለን” ይላል፤
“ለሁለት ዓመት፣ የአንጀትን ሕዋስ አጥንቶ፣
ከስንዴ ጋር ያጣላውን ነገር የሚያይ አብርቶ።”
ደመወዙ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል።
እንጀራ ፍለጋ መጣሁ፤ አንዱን ቦታ አገኘሁ፤
ዳቦ የሚያሳምመውን ሰው እያጠናሁ እንጀራ እበላለሁ።

ናሙናው የአርቮ ነው፣ የዳቦ ጋጋሪው፤
ከሆዱ የተቆነጠረ፣ ሰሊጥ የሚያህል ሥጋው።
በጄል ውስጥ ተከልናት፤ ሙቀት፣ ስኳር፣ ጨው ሰጠናት፤
በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ሆድ የሌላት አንጀት፣ ጠግባ የማታውቅ፣ ሆና አገኘናት።
ከደሙ የለየናቸውን ዘበኞች ከጎኗ አሰለፍን፤
አንድ ጠብታ ግሉተን ጣል አደረግን።

ለእኔ ሕዋስ ይኼ ምሳ ነበር፤
ለእሱ ግን፣ አንድ ኢንዛይም ከእንግዳው ስም ፊደል ሲቀይር፣
ዘበኛው “ሌባ!” ብሎ ይጮኻል፤
ድንጋይ ይወረውራል፤
ሌባም የለ፤ የሚፈርሰው የጌታው ግድግዳ ነው፤
ረድፍ ሠርቶ የቆመው ሁሉ
በረዶ እንደመታው ገብስ ተኝቶ ነው የምናየው።

“አትቸኩዪ፤ ቁጠሪ” ትላለች ሄልቪ፣ አለቃዬ።
ቆጠርኩ። ሁለት መቶ ስድስት ሬሳ። ደከመ ዓይኔ።

ዓርብ ዕለት ራሱ መጣ፣ ዱቄት በቅንድቡ።
የሚጋግረውን ከቀመሰ ስምንት ዓመቱ፤
መብሰሉን በጆሮው ነው የሚያውቀው፤
ከምድጃ ሲወጣ ቅርፊቱ ሲንጣጣ ሰምቶ ነው።
ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ዝም አለ፣ እንደ አገሩ ሰው።
“ይኼ እኔ ነኝ?”
“አዎ።”
“የተቆጣውስ የትኛው ነው?”
አሳየሁት። ብዙ ቆየ።
“ምስኪን” አለ፣ “እኔን ሊጠብቅ እኮ ነው።”

በመዝገቤ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም።

ሲሄድ ትኩስ ዳቦ ትቶልን ሄደ፣ በወረቀት ጠቅልሎ።
“እዚህ አይበላም!” አለች ሄልቪ፣ ጣቷ ወደ በሩ ተቀስሮ።
ወጣን። ከማስታወቂያው ሥር ቆምን ልንቆርሰው፤
(ሁለተኛው ቦታ እስካሁን ሰው የለው።)
ጓንቴን አወለቅሁና
መጀመሪያ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።