አልጋ አለ?

ከዲላ ተነሳሁ ዘንቢል ታቅፌ፣
አፉን በሲባጎ ሰባት ጊዜ ጠልፌ።
ውስጡ ሎሚ አለች፣ የአባቴ ድመት፣
እንደ ስሟ ቢጫ፣ ጥርስ የጎደላት።
ቤቱ ተሸጠ፤ ገና አርባው ሲወጣ
ገዢው ሜትር ይዞ ግድግዳ ሊለካ መጣ።
«ውሻ ሰው ይወዳል፣ ድመት ቤት ትወዳለች»
ይላሉ። ታዲያ ቤቷን ያጣች
ድመት ምን ትወዳለች?

«ዶሮ ነው?» አለ ረዳቱ፤ «ዶሮ ነው» ብዬ አለፍኩ፣
ይርጋለም ላይ ሎሚ ጮኸች፤ ከነውሸቴ ተያዝኩ።
ሚኒባሱ ሳቀ። ከኋላ አንዲት ሴት
«ምስኪን» አለች፤ እኔን ይሁን ሎሚን፣ አልጠየቅኋት።

ሐዋሳ ስንደርስ ፀሐይዋ ሐይቁን ለመንካት ምንም አልቀራት፣
ባለባጃጁን «ድመት የሚያስገባ ሆቴል» ብለው፣ «ምን?» አለኝ፤ ደገምኩለት።
«አንተን የሚያስገባ አይበቃህም?» አለና አስነሳት።

የመጀመሪያው እብነ በረድ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል፣
ዋጋው ከእንግዳ ተቀባዩ ፈገግታ ላይ ይነበባል።
«አልጋ አለ?» «አለ ጌታዬ፣ ሐይቁን የሚያይ፣ ከቁርስ ጋር።»
ከዘንቢሉ ጆሮ ብቅ አለ፤ ፈገግታው ቀረ ከንፈሩ ዳር።
ግድግዳውን በጣቱ አሳየኝ፣ በወርቅማ ቀለም የተጻፈው፦
«የቤት እንስሳ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው።»
የቤት?
ቤት የላትም እኮ ልለው ነበር፤ ተውኩት።

መናኸሪያ ጓሮ ያለ ፔንሲዮን፤ ሴትየዋ መዝገብ ገለጠች፣
«መታወቂያ» አለች። ሰጠኋት። ዘንቢሉን አየችና «ለሁለት?» አለች።
«ድመት ናት።» «ፀጉሯ አንሶላ ይይዛል፤ ጓሮ ትደር።»
ጓሮው ውስጥ ቦቢ የሚሉት ውሻ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ነበር።
«ቦቢ አይናከስም» አለች፣ ሁሉም ባለ ውሻ እንደሚለው፤
ሎሚ ከመቅለሏ የተነሳ ዘንቢሉን ገልጬ አየሁ፣ አለች ወይ ብዬ ነው።

አሞራ ገደል አጠገብ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሰፈር፣
አባ ኮዳዎቹ ዛፍ ላይ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው ነበር።
ቆርቆሮ በር አንኳኳሁ። ዘበኛው ዳንጊሶ ነው ስሙ፣
ባትሪውን ዘንቢሉ ላይ አበራ፤ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ቆሙ።
«አይጥ ትይዛለች?»
«ኧረ ጥርስ የላትም።»
«ግድ የለም» አለ፣ «አይጡ ይህን አያውቅም።»
መዝገቡ ላይ ከስሜ ሥር «ሎሚ» ብሎ ጨመረ፣
«የመጣችበት ጉዳይ?» አለኝ። ዝም ስል ሰረዝ አሰመረ።

ክፍሉ አራት እርምጃ ነው፤ አልጋው ሰፊ፣ ለሁለት የሚበቃ፣
አጎበሩ የተጣፈ፣ መብራቱ የሚያንቀላፋ፣ የሚነቃ።
ዓሣ ገዛሁላት፤ አሸተተችና ፊቷን አዞረች፣
አልጋው ሥር ገብታ ተጣራች፤ ማንን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።
የአባቴን ሹራብ ከሻንጣ አወጣሁ፤ ክርኑ ያለቀ፣
የመምህር ሹራብ፣ ጠመኔው ታጥቦ እንኳን ያልለቀቀ።
ለራሴ ነበር የያዝኩት።
ዘንቢሉ ውስጥ አነጠፍኩት።
ከብዙ ሰዓት በኋላ በሆዷ እየተሳበች መጣች፣
በፊት እግሮቿ ሹራቡን አቦካችው፣ አቦካችው፣ ተኛች።

ከተማውን ሙሉ አልጋ ለመንኩላት፣
አልጋው ባዶውን አደረ፤ ዘንቢሏ በቃት።
እኔም ትራሴን ይዤ ሲሚንቶው ላይ ወረድኩ፣
ስታንኮራፋ (እንደ እሱ ታንኮራፋለች) አዳመጥኩ።

ጠዋት ዳንጊሶ ለቁልፍ መጣ፤ አልጋ ልብሱን ገለጠው፣
የአንሶላው እጥፋት እንዳለ ነው። ጭንቅላቱን ነቀነቀው።
«አይጥ ያዘች?»
«አልያዘችም።»
«አልጋው ላይም አልተኛችሁም።»
ከኪሱ ብር አውጥቶ ቆጠረ። «ግማሹን ልመልስልህ?»
«ተወው» አልኩት፣ «ስንመለስ ይታሰባል»፣
ዲላ ላይ የሚጠብቀን ቤት እንዳለ ሁሉ።