የእልፍነሽ እልፍኝ

የካቲት ምሽት ነው። ፍራይቡርግ በረዶ ለብሳ፣
የምስር ሾርባችን ሳህን ላይ ተረሳ።
ስልኩን ከጨው ዕቃው አስደግፎ ናኦድ፣
በጣቱ ሲያመጣ፣ በጣቱ ሲሰድ፣
ሆቴል ይዘንባል ልክ እንደ በረድ።

ሁለት ዓመት ነው ያጠራቀምነው፤
የኔ ድርሻ ከትራሙ፣ ከትርፍ ሰዓት ነው፤
የሷ ከሰው አልጋ፣ ከሰው አንሶላ ላይ።
ሳንቲም በሳንቲም ነው የደረስን እዚህ ጉዳይ፦
ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ቀን፣ ሩስት መንደር፣ ራይን ዳር፣
ልጆች በባቡር ሰማይ ሊወጡ፣ እኛ ልንጮህ ከምድር።

እልፍነሽ ናት ስሟ። እልፍ አልጋ አንጥፋለች፤
እልፍኝ ግን አታውቅም፤ የሰው እልፍኝ ጠርጋለች።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጣቢያው ፊት ያለው ሆቴል፣
አሥራ ስምንት ደቂቃ ይሰጧታል ለአንድ ክፍል።

እኔ ዋጋ አነባለሁ። ናኦድ መንሸራተቻ ይቆጥራል።
ሚልካ አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ፣ «የዘንዶው አልጋ የታል?»
እልፍነሽ ግን ፎቶውን የምታነበው በሌላ ፊደል።

የመጀመሪያው ቤተ መንግሥት ነው፤ ጥሩር የለበሰ ብረት
በየደረጃው ቆሟል፤ አልጋው ላይ ደግሞ ሰባት
የሐር ትራስ፤ ለመኝታ አይደለም፣ ለመታየት።
«ሰባት!» አለች። «ማታ ይጣላሉ መሬት፤
ጠዋት ማናት ለቅማ የምትደረድራቸው በተርታ?
ይለፈን።» እኔም፣ ዋጋውን ያየሁት፣ ተነፈስኩ በእፎይታ።

ሁለተኛው መርከብ ነው፤ መስኮቱ ክብ፣ ምንጣፉ ሰማያዊ፣
መታጠቢያው ዙሪያው መስተዋት፣ ቧንቧው ነሐሳዊ።
ናኦድ ሊሞት ደረሰ። «እማዬ፣ ይሄ! ይሄ ነው!»
«መስተዋቱን አየኸው?» አለችው። «የዚህ አገር ውኃ ኖራ ነው፤
አንድ ጠብታ ከደረቀ፣ በኮምጣጤ እንኳ አይለቅም።
ይህን ያሰበ ሰው ጨርቅ ይዞ አያውቅም።»

ልጁ አኮረፈ። እኔም ሰለቸኝ፤
«ልንተኛ ነው የምንሄደው፣ ልንጠርግ አይደለም» አልኳት።
ባልል ይሻል ነበር። ዝም ብላ ሾርባውን ድስት ውስጥ መልሳ
አማሰለች፣ ለረጅም ሰዓት።

ሦስተኛው ሲመጣ ግን፣ ማንኪያውን እንደያዘች
ጎንበስ አለች። በሁለት ጣት ፎቶውን አሰፋች፣ አሰፋች፣
ዘንዶውን አልፋ፣ መጋረጃውን አልፋ፣ እስከ አልጋው እግር ድረስ፤
አንሶላው እንደ ደብዳቤ ታጥፎ ከፍራሹ ሥር ሲመለስ።
«ይህን ጥግ ያጠፈች ሴት» አለችኝ፣ ድምጿ ዝግ ብሎ፣
«አልሮጠችም። ጊዜ ሰጥተዋታል። ይሄ ይሁን።»
ከፈልኩ፤ የሁለት ዓመት ሌሊት በአንድ ጣት ተጠቅልሎ።

ሐምሌ ገባ። መለኪያው ዘንድ ያለው ዘበኛ ሚልካን አቁሞ፣
«ሁለት ሴንቲ ይጎድላታል» አለን፤ ጠጉሯን ተጭኖ ደግሞ።
ናኦድና እኔ ወጣን። ልቤ ከሆዴ ተለያየ፤
ከዚያ ከፍታ ዓይኔ ቁልቁል ሁለቱን አየ፦
አግዳሚው ላይ፣ አንድ አይስክሬም ሲልሱ በየተራ፣
በኔ ጩኸት ሲስቁ በጋራ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። «ክፍል ጽዳት!»
እልፍነሽ ብድግ አለች፤ እግሯ የሠራተኛ እግር ነው፣ አልቀረላት።
ጋሪ የያዘች ሮማንያዊት፤ ቪዮሪካ ይላል ደረቷ።
ተያዩ፤ ዓይን ለዓይን አይደለም፤ መጀመሪያ የታየው እጇ፣ ጣቷ።
«ላግዝሽ» ልትል ነበር፤ አውቃታለሁ፤ አፏ ተከፈተ።
«ቁርስ ሊዘጋ ነው፣ ውረዱ» አለች ያቺ፤ ነገሩ በዚያው ተከተተ።

ማታ ስንመለስ አልጋው ነጭ፣ ጸጥ ያለ፣ እንደ ሜዳ።
እልፍነሽ ጥጉን መረመረች፣ እንደ ዳኛ እንጂ አይደለም እንደ እንግዳ።
አንድ ጣት ያህል ስቷል።
«አሥራ ስምንት» አለች ለራሷ፣ በሹክሹክታ።
ቤታችን ውስጥ፣ አንድ ጣት የሳተ አንሶላ
አድሮ አያውቅም፤ ትፈታዋለች፣ ታጥፈዋለች ደግማ፣ በእርጋታ።

እጇ ወደ ጥጉ ሄደ።
ቆመ።
ሳቀች። ጫማዋን አወለቀች፤
በእልፍኟ መካከል፣ እጅ እግሯን በትና፣
ተረከዟን የሳተው ጥግ ላይ ጭና፣
ተኛች።